ስፔንን ከትንሽ ልጅ ጋር በመኪና፦ አንዳሉሲያ፣ ሰሜኑ ወይስ የሜዲትራኒያን ዳርቻ?

ስፔንን በመኪና ልዙር ያለ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያደርገው ይታወቃል። ካርታ ይከፍታል። ማድሪድ፣ ባርሴሎና፣ ቫሌንሲያ፣ ግራናዳ፣ ሴቪያ ላይ ምልክት ያደርጋል። ከዚያ ያገናኛቸውና «አሥር ቀን ይበቃናል» ይላል። ይህ ዙር ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መንገዱ ጥሩ ስለሆነ ሁለት አዋቂዎች ይወጡታል። የሦስት ዓመት ልጅ ከኋላ ታስሮ ሲቀመጥ ግን ነገሩ ይለያል። ከጉዞው ግማሹን ልጁ የሚያየው የፊተኛውን ወንበር ጀርባ ነው።

ስለዚህ ከስድስት ዓመት በታች ልጅ ላለው ሰው ምክሬ አንድ ነው፦ ከአገሪቱ አንዱን ክፍል ምረጡ፣ ሌላውን ለሌላ ዓመት ተዉት። ከታች ሦስቱን ዋና ዋና አማራጮች አወዳድራለሁ። የማወዳድራቸው በልጁ ውሎ ነው። መኪና ውስጥ ስንት ሰዓት ይቆያል? ሙቀቱን ይችለዋል? ጋሪው ይገፋል? ሲሰለቸው የት ይሮጣል?

አንዳሉሲያ፦ በጸደይና በመኸር

አብዛኛው ሰው ስፔን ሲባል በዓይነ ሕሊናው የሚመጣለት ይህ ደቡባዊ ክፍል ነው። ከማላጋ ተነስቶ በግራናዳ፣ በኮርዶባ፣ በሴቪያና በሮንዳ አድርጎ ማላጋ የሚመለሰው ዙር ወደ 700 ኪሎ ሜትር ነው። ከከተማ ከተማ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ሰዓት ተኩል አይበልጥም። አንድ የቀን እንቅልፍ ማለት ነው። ልጁ ምሳ በልቶ ሲተኛ ትነሳላችሁ፣ ሲነቃ ደርሳችኋል።

ችግሩ ሙቀቱ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ኮርዶባና ሴቪያ ከ36 ዲግሪ በላይ መሆናቸው የተለመደ ነው፤ 40 ሲያልፉም ማንም አይገረምም። በሁለቱ መካከል ያለችውን ኤሲሃን ስፔኖች ራሳቸው «የአንዳሉሲያ መጥበሻ» ይሏታል። በነሐሴ 2021 ኮርዶባ አካባቢ 47 ዲግሪ አልፏል። አዲስ አበባን ወይም ስቶክሆልምን የለመደ ሕፃን ይዞ በዚያ ወቅት ኮርዶባ መግባት ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ ማታ 2 ሰዓት ሆቴል ውስጥ ተዘግቶ መዋል ነው። ለዚያ ደግሞ ይህን ያህል መንገድ መምጣት አያስፈልግም። ሚያዝያና ግንቦት፣ ወይም ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ከሆነ ግን አንዳሉሲያን ማንም አይስተካከለውም።

አንድ ጥንቃቄ፦ የእነሱ ሰሙነ ሕማማት ላይ ሴቪያ አትግቡ። ሰልፉ ያምራል፤ ግን መንገድ ይዘጋል፣ የሆቴል ዋጋ ይሰቀላል፣ በጋሪ ማለፍ አይታሰብም። ፋሲካቸው ከእኛ ጋር ብዙ ጊዜ ስለማይገጥም የራሳችንን የቀን መቁጠሪያ አይተን ካሰላን እንሳሳታለን። የዓመቱን ቀን ለብቻው አጣሩ።

ለልጅ የሚሆነው የቱ ነው? ሴቪያ ውስጥ ከካቴድራሉ ይልቅ ማሪያ ሉዊሳ መናፈሻን እመርጣለሁ። እዚያው ጎን ለ1929ኙ ኤግዚቢሽን የተሠራው ፕላሳ ዴ ኤስፓኛ አለ። በሰው ሠራሽ ቦዩ ላይ ትንሽ ጀልባ ተከራይቶ መቅዘፍ ይቻላል። አባት ይቀዝፋል፣ ልጅ ዳክዬ ይቆጥራል። ኮርዶባ ላይ ግንባታው በ785 የተጀመረው ታላቁ መስጊድ፣ ዛሬ ካቴድራል የሆነው፣ ከ850 በላይ ዓምዶች አሉት። ልጆች ታሪኩ ባይገባቸውም በዓምዶቹ መሃል ኩኩሉ መጫወት ይገባቸዋል። የብርቱካን ዛፍ ያለበት የውጭው ግቢ በነፃ ነው።

ግራናዳ ያለው አልሐምብራ የሚባለው የድሮ ግንብና ቤተ መንግሥት ሌላ ነገር ነው። ትኬቱ ከሳምንታት በፊት ያልቃል። በስም ነው የሚቆረጠው። በውስጡ ያለው ናስሪድ ቤተ መንግሥት የምትገቡበት ሰዓት ትኬቱ ላይ ይጻፋል፣ ካለፈ አለፈ። የልጁ እንቅልፍ ሰዓት ላይ እንዳይውል አስቡበት። ከ12 ዓመት በታች በነፃ ቢገባም ትኬት ሊወጣለት ይገባል። ቦታው ደረጃና ጠባብ በር ስለሚበዛው ጋሪውን ትታችሁ አንቀልባ ወይም ዘመናዊ ማዘያ ያዙ። ለታናናሾቹ ደስ የሚላቸው ጄኔራሊፌ የሚባለው የአትክልት ስፍራ ነው፤ ውሃ በየቦታው ይፈስሳል።

ሮንዳን በተመለከተ መንገዱን ምረጡ። ከባሕሩ ዳርቻ፣ ከሳን ፔድሮ ዴ አልካንታራ የሚወጣው ኤ-397 ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል እየተጠማዘዘ ነው የሚሄደው። እይታው ድንቅ ነው፣ ግን ልጅ ያስመልሰዋል። በአርዳሌስ በኩል ያለው መንገድ ለሆድ ይሻላል። ሮንዳ ላይ በ1793 የተጠናቀቀው ድልድይ ወደ መቶ ሜትር የሚጠጋ ገደል ላይ ቆሟል። እዚያ የልጁን እጅ አጥብቃችሁ ያዙ። ማላጋ አቅራቢያ ያለውን ካሚኒቶ ዴል ሬይ የሚባለውን የገደል ላይ መራመጃ ግን ከዝርዝራችሁ አውጡት። ከ8 ዓመት በታች ልጅ አያስገቡም።

ሰሜኑ፦ ለበጋ ዕረፍት የእኔ ምርጫ

የአውሮፓ ትምህርት ቤት የሚዘጋው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ሌላ ጊዜ መውጣት የማትችሉ ከሆነ አታመንቱ፣ ወደ ሰሜን ሂዱ። ቢልባኦ በነሐሴ ብዙውን ጊዜ 26 ዲግሪ አካባቢ ነው። አገሩ አረንጓዴ ነው፣ ላሞች በየሜዳው፣ ጭጋግ በየተራራው። ከጎጃም ወይም ከወሎ የመጣ ሰው «ይሄ ነው ስፔን?» ማለቱ አይቀርም። ዝናብ ይመጣል፤ በበጋም ቢሆን ካፖርት ሳይሆን ስስ የዝናብ ልብስ ያዙ።

ርቀቱ ለልጅ ተለክቶ የተሠራ ይመስላል። ከሳን ሴባስቲያን ቢልባኦ 100 ኪሎ ሜትር፣ ከቢልባኦ ሳንታንደር ሌላ 100። ከዚያ ወደ ኦቪዬዶ 190 አካባቢ። ከሳን ሴባስቲያን ቢልባኦ ያለው ኤፒ-8 ያስከፍላል፣ ከቢልባኦ ወደ ምዕራብ የሚሄደው ኤ-8 ነፃ ነው።

አሁን የልጆቹን ነገር ልዘርዝር፣ ሰሜኑ የሚያሸንፈው እዚህ ላይ ስለሆነ።

ቢልባኦ ላይ ሁሉም ጉገንሃይም ሙዚየም ይላል። በአበባ የተሸፈነውን ትልቅ ውሻ በር ላይ አሳዩትና፣ ከዚያ ወደ ፖርቱጋሌቴ ሂዱ። በ1893 የተሠራው የቪስካያ ድልድይ እዚያ አለ። እንደ ሌላው ድልድይ የሚነዳበት አይደለም። ከላይ በብረት ገመድ የተንጠለጠለ ትልቅ ሳጥን ነው መኪናውንም ሰውንም ይዞ ወንዙን የሚያሻግረው። መኪናችሁን ሳጥኑ ላይ ታቆማላችሁ፣ በሩ ይዘጋል፣ ከዚያ ያለ ድምፅ ከውሃው በላይ መንሸራተት ይጀምራል። ከሁለት ደቂቃ በታች ነው የሚፈጀው። ልጁ «እንደገና» ማለቱ አይቀርም፤ ዋጋው ትንሽ ስለሆነ እንደገና መሻገር ይቻላል።

ሳንታንደር አጠገብ ካባርሴኖ የሚባል የእንስሳት ፓርክ አለ። የድሮ የብረት ማዕድን ማውጫ ነበር፣ 750 ሄክታር ነው። በራሳችሁ መኪና ከዝሆን ወደ ድብ፣ ከድብ ወደ ቀጭኔ እየነዳችሁ ነው የምትዞሩት። ልጁ ቢተኛባችሁ መኪናው ውስጥ ይተኛል፣ እናንተ ትጠብቃላችሁ። ቀን ሙሉ ስጡት።

ከዚያ አልታሚራ፣ የጥንት ሰዎች ሥዕል ያለበት ዋሻ። ሥዕሎቹን ያገኘችው የ8 ዓመት ልጅ ናት ማለት ይቻላል። በ1879 አባቷ መሬት መሬቱን ሲቆፍር ወደ ላይ አይታ ጣሪያው ላይ የተሳሉትን ጎሾች ያየችው ማሪያ ናት። ዋናው ዋሻ እንዳይበላሽ ለብዙሃኑ ዝግ ነው፣ የሚታየው አጠገቡ የተሠራው ቅጂው ነው። ይህን ታሪክ ከመግባታችሁ በፊት መኪና ውስጥ ንገሩት፤ አንገቱን ቀና አድርጎ ነው የሚገባው። አስቱሪያስ ስትደርሱ ደግሞ ኮሉንጋ ላይ የዳይኖሰር ሙዚየም አለ። ሕንፃው ከላይ ሲታይ ባለሦስት ጣት ኮቴ ነው።

የሰሜኑ ጉዳት ሁለት ነው። አንደኛው ባሕሩ። ውቅያኖስ ስለሆነ ማዕበልና ሞገድ አለው፣ ውሃውም ቀዝቀዝ ይላል። ባንዲራውን እዩ፦ አረንጓዴ ግቡ፣ ቢጫ ተጠንቀቁ፣ ቀይ ከሆነ እግራችሁንም አታስነኩ። የሳን ሴባስቲያኑ ላ ኮንቻ የባሕር ዳርቻ በተራራዎችና በደሴት የተከለለ ስለሆነ ለትንሽ ልጅ ይሻላል። ሁለተኛው ተራራው ነው። ፒኮስ ዴ ኤውሮፓ ለመግባት በላ ኤርሚዳ ሸለቆ ከሃያ ኪሎ ሜትር በላይ በገደል መሃል መጠማዘዝ አለ። መጨረሻው ላይ ያለው የፉዌንቴ ዴ ገመድ መኪና ከ750 ሜትር በላይ በአራት ደቂቃ ያወጣል፣ ጆሮ ይደፍናል፣ በነሐሴ ሰልፉ ረጅም ነው። ማስመለስ የሚቀናው ልጅ ካላችሁ ከባሕሩ ዳር አትራቁ።

ጋሊሲያ ድረስ ልድረስ የሚል ካለ፣ ከሁለት ሳምንት በታች ከሆነ ይቅርበት እላለሁ። ከኦቪዬዶ ሳንቲያጎ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሞንዶንየዶ አካባቢ ያለው ከፍታም በጭጋግ የተነሳ መንገዱ የሚዘጋበት ጊዜ አለ።

የሜዲትራኒያን ዳርቻ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚነዳ

ከባርሴሎና ቫሌንሲያ 350 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሜዳማ፣ ቀጥ ያለ። ኤፒ-7 በዚህ መስመር ላይ ያስከፍል ነበር። ከታራጎና ወደ ደቡብ ያለው በ2020፣ የቀረው የካታሎኒያ ክፍል በመስከረም 2021 ነፃ ሆነ። ታራጎና ባሕር ዳር ያለውን የሮማውያን አምፊትያትር አይታችሁ፣ ፔኒስኮላ ቤተ መንግሥቱ ሥር አድራችሁ፣ ቫሌንሲያ ትገባላችሁ። ውሃው ሞቃት፣ አሸዋው ለስላሳ ነው። የሚያስጨንቅ መንገድ የለም።

ሳሎው አጠገብ ያለው ፖርትአቬንቱራ የሚባለው የመዝናኛ ፓርክ ብዙ ይወራለታል። አብዛኛው ጨዋታ ቁመት ይጠይቃል። ለአምስት ዓመት ልጅ የተለየ ሰፈር አለው፣ ለሁለት ዓመት ልጅ ግን ውድ ነው።

እኔ ገንዘቤን ለቫሌንሲያ ነው የማስቀምጠው። በ1957 ጎርፍ ከተማዋን ካጥለቀለቀ በኋላ ወንዙን አዞሩትና የድሮውን መውረጃ መናፈሻ አደረጉት፤ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፣ ጋሪ ያለ እንቅፋት ይገፋበታል። እዚያ ውስጥ የታሪክ መጽሐፉ ጉሊቨር ግዙፍ ምስል በጀርባው ተኝቷል። ወደ 70 ሜትር ነው። ጸጉሩ፣ ጣቱ፣ የኮቱ እጥፋት ሁሉ መንሸራተቻ ነው። ልጆች እንደ ጉንዳን ይወጡበታል። ነፃ ነው።

ጉዳቱ? በነሐሴ ሰው በሰው ነው፣ ወበቁ ይከብዳል፣ ማረፊያ ይወደዳል። ሰኔ መጀመሪያና መስከረም ላይ ግን ሁሉም ይስተካከላል።

የኪራይ መኪና፣ ካምፐር ወይስ ባቡር?

ለአብዛኛው ቤተሰብ ተራ የኪራይ መኪና ይበቃል። ማንዋል የማይነዳ ሰው አውቶማቲክ ብሎ አስቀድሞ ይያዝ፣ እዚያ ሲደርስ ላይኖር ይችላል። ትልቅ መኪና አትውሰዱ። የድሮ ከተሞች መንገድና የምድር ቤት ፓርኪንግ ጠባብ ናቸው። የሚታጠፍ ጋሪና ሁለት ሻንጣ የሚይዝ ይበቃል።

ካምፐር፣ መኝታ ያለው መኪና፣ የሚያምረው በሰሜኑና ከአራት ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ነው። አንዳሉሲያ ውስጥ በበጋ ምድጃ ነው የሚሆነው። ሕጉንም እወቁ፦ በተፈቀደ ፓርኪንግ ውስጥ መተኛት ይቻላል፣ ጠረጴዛና ወንበር ማውጣት ወይም ጥላ መዘርጋት ግን ካምፕ ማድረግ ነው፣ ያስቀጣል። የባሕር ዳር ማዘጋጃ ቤቶች ደግሞ ሌሊቱን ጭራሽ ሊከለክሉ ይችላሉ። ከመከራየታችሁ በፊት የልጁ ወንበር የሚታሰርበት መቀመጫ ወደ ፊት የሚያይ ባለ ሙሉ ቀበቶ መሆኑን ጠይቁ።

ማድሪድ ለምታርፉ ሦስተኛው መንገድ ብልህ ነው። በፈጣኑ ባቡር ኮርዶባ ከሁለት ሰዓት በታች፣ ሴቪያ ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ሴቪያ መሃል ከተማ መኪና ሸክም ነው። ስለዚህ ሁለቱን ከተሞች በባቡርና በእግር ጨርሱ፣ ከሴቪያ ስትወጡ መኪናውን ተከራዩ፣ ሮንዳንና ባሕሩን በመኪና። ከማድሪድ እስከ ኮርዶባ ያለውን 400 ኪሎ ሜትር ትድናላችሁ። ልጁም መተላለፊያው ላይ ይንጎራደዳል።

የልጅ መቀመጫ

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ቁመቱ 135 ሴንቲ ሜትር ያልደረሰ ልጅ ከኋላ፣ በተፈቀደ መቀመጫ መቀመጥ አለበት። ቅጣቱ 200 ዩሮ ነው። ከአከራዩ በቀን ሂሳብ መውሰድ ይቻላል፤ ለሁለት ሳምንት ሲደመር ግን አዲስ የሚገዛ ገንዘብ ይሆናል፣ የሚሰጧችሁም ምን ያህል ንጹሕ እንደሆነ ዕድል ነው። ብዙ አየር መንገዶች የልጅ መቀመጫ በነፃ ስለሚጭኑ የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ከአሜሪካ የምትመጡ ግን ቆም በሉ። የአሜሪካ መቀመጫ የአውሮፓን የማረጋገጫ ምልክት አይዝም። እዚያ የሚፈለገው አር44 ወይም አር129 የሚል ብርቱካናማ ወይም ነጭ ወረቀት የተለጠፈበት ነው። ለእናንተ መከራየቱ ወይም እዚያው መግዛቱ ይሻላል። የመንጃ ፈቃዳችሁንም ከዓለም አቀፉ ፈቃድ ጋር ያዙ። ከአውሮፓ ኅብረት አገር የወጣ ፈቃድ ያለው ሰው ይህ አይመለከተውም።

ፍጥነት በአውራ ጎዳና 120፣ በተራ የገጠር መንገድ 90 ነው። ከተማ ውስጥ በአንድ አቅጣጫ አንድ መስመር ብቻ ባለው መንገድ 30። ካሜራ ብዙ ነው። ግራናዳ መሃል ደግሞ ያለ ፈቃድ የገባን መኪና ካሜራ ይይዘዋል፤ ሆቴላችሁ ታርጋችሁን ያስመዘግብላችሁ እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ሆቴል ወይስ አፓርታማ? ምግብስ?

በሁለት ቀኑ ሻንጣ መጠቅለል ልጅን ያበሳጫል። ሁለት ማረፊያ፣ እያንዳንዱ አራት አምስት ሌሊት፣ ከዚያ ቀን ቀን ወጣ ማለት። አፓርታማ የምመርጠው በምግቡ ምክንያት ነው። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ልጻፈውና፣ የስፔን ምሳ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው፣ እራት ደግሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት ብዙ ቦታ ኩሽናው አይከፈትም። የሦስት ዓመት ልጅ እስከዚያ አይጠብቅም። ስለዚህ ዋናውን ምግብ ቀን ብሉ፤ የቀን ሜኑ የሚባለው በተወሰነ ዋጋ ሁለት ዓይነት ምግብ ይዞ ይመጣል፣ ልጁ ከእናንተ ይካፈላል። ማታ አፓርታማው ውስጥ እንቁላልና ዳቦ ይበቃል።

ለእኛ ሰው አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ። የአሳማ ሥጋ ሁሉም ቦታ ይገባል፤ ፎሶሊያ ላይ ሳይቀር ሃሞን የሚባለው የደረቀ የአሳማ ሥጋ ይነሰነሳል። ኮርዶባ ላይ ሳልሞሬሆ የሚባለው የቲማቲም ሾርባ ላይም አለ። ክሮኬታም ውስጥ ብዙ ጊዜ አይጠፋም። «ሲን ሃሞን፣ ሲን ሴርዶ» ማለትን ሽምድዱ፣ ያለ ሃሞን ያለ አሳማ ነው። ለረቡዕና ዓርብ የሴቪያው ስፒናች በሽምብራ፣ ጋስፓቾ፣ በቲማቲም የተቀባ ዳቦ ይሆናል፤ ወተትና እንቁላል አለመግባቱን ጠይቁ። ለልጅ የድንች ኦሜሌታቸው የማያሳፍር ነው። ማኪያቶ የለመደ ወላጅ ኮርታዶ ይበል።

የስፔን አደባባይ ላይ መጫወቻና የካፌ ጠረጴዛ ጎን ለጎን ናቸው። ከ11 ሰዓት በኋላ ልጆች ይወጣሉ። ማንም ልጃችሁ ሮጠ ጮኸ ብሎ አይገላምጣችሁም።

የትኛውን መጀመሪያ ትይዛላችሁ?

ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕረ ሰላጤው አገራት የምትመጡ የሸንገን ቪዛውን አስቀድሙ። ከ6 ዓመት በታች ልጅ የቪዛ ክፍያ የለበትም፣ ግን የሁለቱም ወላጆች ስምምነት ይጠየቃል። አንዳሉሲያ ከሆነ ቀጥሎ የአልሐምብራ ትኬት፣ ሌላው ሁሉ በእሱ ቀን ዙሪያ ይሰለፋል። ሰሜን ከሆነ የነሐሴ ማረፊያ፣ የስፔን ሰው ራሱ ሙቀት ሸሽቶ የሚሄደው እዚያ ስለሆነ ቶሎ ይያዛል። ሜዲትራኒያን ከሆነ መኪናውን፤ ባርሴሎና ተቀብላችሁ ቫሌንሲያ ላይ ስታስረክቡ ተጨማሪ ክፍያ ይኖራል። ከባርሴሎና ወጥቶ ባርሴሎና ከሚመለስ ኪራይ ጋር አወዳድሩት፣ የመመለሻውን ነዳጅና 350 ኪሎ ሜትር አብራችሁ እያሰላችሁ።